የተቆረጠው ሳል

ሰኞ ቢሮ ስትገባ «ቅዳሜና እሁድ እንዴት አለፈ?» የሚላት ቢኖር፣ እስከ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ያለ ሐፍረት ትናገር ነበር። ቅዳሜ መጋረጃ አጠበች፤ ከሰዓት ጋደም ብላ ግማሽ መጽሐፍ ጨረሰች። ማንም አላንኳኳም። እሁድም እንዲሁ በሰላም ጀመረ፤ ልጇ «ስጦታ ይዤልሽ መጣሁ!» ብላ እስክትገባ ድረስ።

ስጦታው የሟች ባሏ ድምፅ ነበር።

ባልና ሚስቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማተሚያ ቤት እርማት አብረው ሠርተዋል። እሱ የደራሲውን ረቂቅ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እሷ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ የታተመውን ትከተላለች። ነጠላ ሰረዙም አራት ነጥቡም በቃል ይነበባል፤ አለዚያ ስህተት ያመልጣል። በመጨረሻው ዓመት እሷ ቤት ውስጥ ሥራ ሲበዛባት፣ በኋላ እንድታመሳክረው ብሎ ንባቡን በትንሽ መቅረጫ ይቀዳላት ጀመር። የመጨረሻውን ቅጂ ሳታመሳክረው ታመመ፤ አረፈም። መቅረጫውን ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት፣ አልፎ አልፎ ብቻዋን ስትሆን ትከፍተው ነበር። ባለፈው ሳምንት መቅረጫው አልነሳ ሲላት ነው ሳትወድ በግዷ ለልጇ የሰጠቻት። ልጅቷ ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ አርታዒ ናት።

ልጅቷ በድምፅ ማጉያ ስትከፍተው ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። እንደ ዜና አንባቢ ይንቆረቆራል። ነጠላ ሰረዝ የለም። አራት ነጥብ የለም። አንዲት ሳል የለችም።

«አጸዳሁልሽ» አለች ልጅቷ ደረቷን ነፍታ። «አርባው ደቂቃ ሃያ ስድስት ሆነ።»

«ማን አጽጂ አለሽ?»

«እማዬ ደግሞ! ‹አራት ነጥብ፣ አራት ነጥብ› ሲባል ማን ይሰማል?»

«ዋናውስ?»

«የቱ ዋና?»

«መቅረጫው ላይ ያለው!»

«አጠፋሁት። አርትዖት ስጨርስ ማጥፋት ልማዴ ነው። መሥሪያ ቤት ቦታ ስለማይበቃን…»

እናት ብድግ ብላ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ከሶኬቱ መነጨቀችው። ለቅሶ ላይ እንኳ ድምፅዋ ስላልተሰማ «ልቧ ድንጋይ ነው» ተብላ የታማች ሴት ናት። አሁን ግን ጮኸች።

«አባትሽን እንደ ማስታወቂያ ቆራርጠሽ አመጣሽልኝ! ቃሉማ የደራሲው ነው! የሱ ሳሉ ነበር! የሱ ትንፋሹ ነበር!»

ልጅቷም የእናቷ ልጅ ናት፤ እልህ ያዛት። «የሱን ሳል ብቻ አይደለም የቆረጥኩት። አንቺንም ቆርጬሻለሁ።»

እናት ገመዱን እንደያዘች ዞረች።

«ያልሽውን ለማንም አላሰማሁም። እሱን እየሰማሽ ራስሽን እንዳትቀጪ ብዬ ነው።»

«ምን ነበር ያልኩት?»

«ተይው፣ እማዬ።»

«ሰምተሽው የለ? በይ፣ ተናገሪው!»

ልጅቷ ወለሉን እያየች ተናገረች። «ከኩሽና ሆነሽ፣ ‹ሳልህን ጨርሰህ አንብብ እንጂ! ቅጂው ሳል ብቻ ሆነ!› ትያለሽ። እሱም ‹እሺ፣ እመቤቴ› አለና ሳቀ።»

ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው ሦስት ሳምንት በፊት ነበር። እናት ይህን ለእህቷ እንኳ ተንፍሳ አታውቅም።

«ምን አልሽ? ሳቀ?»

«አዎ። በደንብ ነው የሳቀው። ከዚያ ማንበቡን ቀጠለ። አልሰማሽውም እንዴ?»

አልሰማችውም። ያን ቀን ኩሽና ነበረች። ከዚያ ወዲህም ቅጂውን በከፈተች ቁጥር የራሷ ድምፅ ላይ ስትደርስ አንገሽግሿት ትዘጋዋለች። ከዚያች ቃል አልፋ አታውቅም። አሁን የሚታለፍበት የለም፤ ያ ሳቅ ከልጇ ጆሮ በቀር የትም የለም።

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ ቦርሳዋንም አነሣች። «ልሂድ መሰለኝ።»

እናት በሩን ከውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ጨበጠች። ንዴቷ ገና አልበረደም።

«ቁጭ በይ» አለቻት። «እንዴት አድርጎ እንደሳቀ አንድም ሳትቆርጪ ነግረሽኝ ነው ከዚህ ቤት የምትወጪው።»