ልጆቹን ማን ያነሳል

አሜን ባትል ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ ግን ማን ነው ምርቃት የሚመልስ፣ የማርያም ማኅበር ላይ፣ ጠላው እየዞረ፣ ጥሩብርሃን ብድግ ብላ ማርያም በሽልም ታውጣሽ ስትላት፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ባንድ አፍ አሜን ሲል፣ ወለላ ብቻዋን ኧረ እኔ እርጉዝ አይደለሁም ልትል ነው እንዴ፣ አፏ ቀደማት፣ አሜን አለች፣ የዚያ ቀን ጉድ ይኸው ትናንት ከአምበር በሚኒባስ ተጭኖ ደብረ ማርቆስ ገባ፣ አሁን ግቢዋ ውስጥ ልጇን አዝሎ ይንጎራደዳል። አማቷ። እማማ አመተ ማርያም። ምራትዎ ደግማለች አሉ የሚል ወሬ ገበያ ላይ ሰምተው፣ ቅቤያቸውንና የገብስ ዱቄታቸውን አዝለው፣ ሊያርሷት መጡ።

ሰውስ ምን ያድርግ፣ ያየውን ነው የሚናገር። መንትዮቹ፣ አርሴማና ድረስ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል፣ ዶሮ እያባረሩ ይወድቃሉ ይነሳሉ፣ ሆዷ ግን ልጆቹ መውጣታቸውን የነገረው ያለ አይመስልም፣ እዚያው ቀርቷል፣ የስድስት ወር። ባጃጅ ላይ ለነፍሰ ጡሯ ቦታ ልቀቁ ይባላል፣ ትቀመጣለች፣ ታመሰግናለች፣ ምን ታድርግ። ባዮሎጂ ነው የምታስተምረው፣ ስለ ጡንቻ ስትናገር ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾኩት ስለ ጡንቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ወገቧም አለ፣ ድስት ባወረደች ቁጥር ለሁለት የሚከፈል ይመስላታል፣ ግን እውነቱን ለራሷ ትናገር፣ ወገብ ሰበብ ነው፣ ማማር ነው ያማራት፣ ያን የመልስ ቀሚሷን ለብሳ በገበያው መሐል ቀጥ ብላ መሄድ፣ ኃጢአት ከሆነም ለንስሐ አባቷ ትናገራለች። ይታያል፣ ባሏ፣ ለኔ እንዲሁ ቆንጆ ነሽ ይላል፣ ለኔ ግን አይደለሁም ስትለው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብሎ ወደ ግብርና ቢሮው ይሄዳል፣ ማታ ተመልሶ እሺ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጅ ይላል። ደግ ሰው ነው።

ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄዳ ያየችው ሐኪምም ደግ ነበር፣ ያስለቀሳት ደግነቱ ነው። ጋደም በይ አላት፣ ቀና በይ፣ ጣቶቹን ከእምብርቷ በላይ ጫን አደረገ፣ ይኸውልሽ መሐል ለመሐል ተለያይቷል፣ በስፖርት አይገጥምም፣ እንሰፋዋለን፣ የተረፈውን ቆዳ እንቆርጣለን፣ ጡትሽንም ከፈለግሽ እዚያው በዚያው እናነሳዋለን፣ አንድ ማደንዘዣ፣ አንድ አልጋ፣ አንዴ መታመም፣ ለየብቻ ከሚሠራ ይረክሳል፣ ግን ተኝተሽ የምትቆዪበት ሰዓት ይረዝማል፣ የሚድነውም ቁስል ሁለት ነው። ዋጋውን ነገራት። የእሷና የይታያል የዓመት ደመወዝ ተደምሮ አይሞላውም፣ ለቤት መሥሪያ ያስቀመጡት አለ፣ ቤቱ ይቆያል አለች በልቧ፣ ተነስታ ጫማዋን ልታደርግ ስትል ቆይ አላት። ይሄ የኛ ዋጋ ነው፣ ያንቺን ልንገርሽ፣ ስድስት ሳምንት ምንም ከባድ ነገር አታነሺም፣ ጀሪካን አታነሺም፣ ልጅ አታነሺም፣ እያለቀሱ እጃቸውን ቢዘረጉልሽም አታነሺም፣ ከዚያ ወዲያ ብታረግዢ የሠራነው ሊበላሽ ይችላል፣ መውለድ በቅቶሻል፣ በቅቶኛል፣ ልጆቹን ማን ያነሳልሻል፣ አማቴ። እንዲህ ነው ያለችው። ሳታስብ፣ ሴትዮዋን ሳትጠይቅ፣ የሰው ወገብ ዋስ ጠራች። እሱም ቀን ቆረጠላት፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ የሐምሌ ሥላሴ ማግስት፣ ክረምቱን ተኝታ መስከረም ላይ ክፍል እንድትገባ። ከክረምት ሌላ ጊዜ የላትም።

እና ትናንት እማማ አመተ ማርያም ዕቃቸውን ሳያወርዱ፣ ልጄ ስንት ወርሽ ነው፣ ምነው ሳትልኪብኝ፣ ወለላ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ነገረቻቸው፣ ልጅ የለም እማማ፣ ሆድ ብቻ ነው፣ አሜን ያልሁት አፍሬ ነው፣ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፣ ሆዴንም ጡቴንም ባንድ ቀን ልሠራው ነው፣ ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፣ ከዚያ ጠበቀች፣ አሁን ይመጣል አለች፣ እኛ ዘጠኝ ወልደን መቼ ተቆረጥን የሚለው፣ እግዜር በሰጠሽ አትፍረጅ የሚለው። አልመጣም። ሳቁ። ግራ መዳፋቸውን ሆዳቸው ላይ ጫን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ አይይ ጥሩብርሃን፣ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ አስረገዘሽ በይኛ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና፣ ያ የሚያስተኛሽ ሰው እስክትነሽ ድረስ አጠገብሽ ይቆማል ወይ፣ ይቆማል፣ እንግዲያ ጥሩ፣ ማማርስ ብትፈልጊ ሴት አይደለሽም እንዴ፣ እኔም አንድ ጊዜ ለጥምቀት ጥልፍ ቀሚስ ብዬ ባሌን ወር ሙሉ አስኮርፌዋለሁ። ልጆቹስ ስትላቸው፣ እኔ አለሁ አይደል። ስድስት ሳምንት ነው እኮ እማማ። ስድስት ነው ያልሽኝ፣ እኔ ደግሞ ክረምቱም ጥቢውም መስሎኝ።

እንደዚህ ያለ ሰው አለ። ወለላ ደጃፉ ላይ ቆማ ታያቸዋለች፣ ዝናቡ አባርቷል፣ እሷ ሳትነሳ ውኃውን ቀድተውታል፣ ደጁን ጠርገውታል፣ ድረስ በአንቀልባ ጀርባቸው ላይ፣ አርሴማ ጎናቸው ላይ፣ በተረፈው እጅ ደግሞ ዶሮዎቹን ከእህሉ ይከለክላሉ፣ ያንጎራጉራሉ፣ ስልሳን ያለፉ ሴትዮ፣ ባላቸው ሲሞት ይታያል ገና ዳዴ ይል ነበር አሉ፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስላቸው ሰው እየለመኑ፣ አረሙን ራሳቸው፣ አጨዳውን ራሳቸው፣ ነዶውን በጀርባቸው፣ ልጆቹን ሁሉ ፊደል አስቆጠሩ፣ እና አሁንም ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት፣ መቀነታቸውን እጥፍ ድርብ አድርገው ጠምጥመው፣ ከእሷ ከሠላሳ አራት ዓመቷ ይልቅ ቀጥ ብለው። እግዜር ሲሰጥ አማት ይሰጣል፣ ሴት አማቷን ትሸሻለች፣ እሷ ብትችል ከዚህች ሴት ጀርባ አትወርድም ነበር።

ያስላቸዋል። እጃቸው ሄደ። ግራ መዳፋቸው፣ እዚያው ቦታ፣ ከመቀነቱ ላይ፣ ጫን። ትናንት ሲስቁም እዚያው ነበር። ቆይ። ሠርጓ ላይ እልል ሲሉ፣ ያኔም አንድ እጃቸው ሆዳቸው ላይ ነበር፣ የጨዋ ሴት ወግ መስሏት እሷም ለመድገም ሞክራ ነበር፣ ጀሪካኑን ሲያነሱ ትንፋሻቸውን ዋጥ፣ መዳፉ ጫን፣ አርሴማን ሲያነሱ፣ እሷ እያየች፣ አሁን፣ ጫን። ወግ አይደለም። አንድ ነገር ይዘው ነው።

እማማ ሆድዎን ምን ሆነው ነው። ምንም። እማማ። ምንም አልሆንሁም፣ ልማድ ነው። ያሳዩኝ። ምኑን፣ ወዲያ፣ የአሮጊት ሆድ ምን ይታያል። እኔ የኔን አሳይቼዎት የለ። እዚህ ላይ ወደ በሩ አዩ፣ ልጆቹን አውርደው ወደ ጓዳ ገቡ፣ መቀነቱ ይፈታል፣ ይፈታል፣ አያልቅም፣ አልጋዋ ላይ ጋደም አሉና ሳል አሉ፣ ከእምብርታቸው በላይ አንድ ነገር ብቅ አለ፣ የብርቱካን ያህል፣ በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው መለሱት፣ የለመዱትን በር እንደሚዘጉ። ቡአ። የዘጠኝ እርግዝና ሆድ፣ ልክ እንደሷ መሐል ለመሐል የተለያየ፣ በዚያ ክፍተት አንጀቱ የሚወጣ፣ በመቀነት ብቻ ተይዞ ነዶ የተሸከመ። ከመቼ ጀምሮ ነው። ይታያል ሲወለድ ነው የወጣው፣ እሱን አትንገሪው፣ ይከፋዋል።

ሐኪምስ። ነገሩኝ እኮ፣ ጤና ጣቢያ፣ ከተማ ውረጅና ተሰፊ አሉኝ፣ ነጻ መታከሚያ ወረቀትም እንጽፍልሻለን አሉኝ፣ ከዚያ ወር ከአሥራ አምስት ቀን ምንም እንዳታነሽ ሲሉኝ፣ ታዲያ ማን ያነሳልኛል፣ ሳቅሁባቸውና ወደ አጨዳዬ ተመለስሁ።

አንድ ዋጋ። ወለላ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ አዲስ አበባ ያለው ሐኪምና የአምበሩ ጤና ጣቢያ አንድ ዓይነት ዋጋ ነው የጠሩት፣ ገንዘቡ ሌላ ነው፣ ገንዘብ ይገኛል፣ ይቆጠባል፣ ነጻም ይጻፋል፣ ያ ሌላው ግን፣ አንዷ እንድትተኛ አንዷ መቆም አለባት፣ ለእሷ የሚቆም ሰው ተገኝቷል፣ ለእሳቸው በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም አልተገኘም፣ ጀግና ናቸው ይላል አገሩ፣ ከወንድ ይበልጣሉ ይላል፣ እሷም ራሷ አሁን ደጃፉ ላይ ቆማ ስታደንቃቸው ነበር፣ እሳቸው ተሸክመው እሷ እያደነቀች። ያመሰገናቸው ሁሉ አንድ ጀሪካን አላነሳላቸውም።

እና ዝም ማለት ይቻላል። ይሄንም ታስበዋለች፣ ሐሳቡ ሲመጣ ትሰማዋለች፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የያዘ መቀነት ስድስት ሳምንት አይዝም እንዴ፣ እሳቸው ራሳቸው ምንም አይደለም ብለዋል፣ ከመስከረም በኋላ ትወስዳቸዋለች፣ ሆስፒታሉ እዚሁ ከተማው ውስጥ ነው፣ የት ይሄዳል፣ ቀሚሱ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ አረንጓዴ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ሥላሴ ደርሷል እኮ፣ ደርሷል። ሁለት ሕፃን። በቀን ስንት ጊዜ ነው ሕፃን የሚነሳው፣ ሲወድቅ፣ ሲያለቅስ፣ ሲርበው፣ ሲታጠብ፣ ካንዱ ማንሳት ባንዱ አንጀቱ ወጥቶ ያልተመለሰ እንደሆነ፣ ደም ካጣ፣ ይሄን ሰሌዳ ላይ ስላ አስተምራለች፣ ጥቁር ይሆናል፣ ብላለች፣ ቶሎ ካልተደረሰ ሰው ይሞታል፣ ተማሪው ጽፏል፣ እሷ አዲስ አበባ አልጋ ላይ ጠፍጣፋ ሆዷን እየዳሰሰች፣ ይታያል ገበሬ ማኅበር ማዳበሪያ ሊያከፋፍል ወጥቶ፣ እሳቸው እዚህ ጓዳ ውስጥ ብቻቸውን፣ ግራ መዳፋቸውን ጫን አድርገው፣ አልመለስ ሲላቸው። አይሆንም። አምላኬ፣ ቀሚሱ ግን።

መቀነታቸውን መልሰው እየጠመጠሙ ነው። አይዞሽ ወለሌ፣ ይሄ አያግደኝም፣ ስንት ዘመን አብረን ኖረናል፣ አንች ሂጅና አምረሽ ተመለሽ፣ አይቼሽ ልሙት። እንዲህ ይላሉ፣ ከልባቸው ነው፣ ትንሽ እንኳ ቅር ያላቸው ነገር የለም፣ እንዴት ነው ሰው እንደዚህ የሚሆነው፣ ትወዳቸዋለች፣ ከእናቷ እኩል ትወዳቸዋለች፣ እሷ በእሳቸው ቦታ ብትሆን ቢያንስ አንድ ጊዜ ታለቅስ ነበር፣ አንድ ጊዜ እኔስ ትል ነበር። ድረስ ውጭ ወድቆ ያለቅሳል፣ እማማ አመተ ማርያም ቋጠሮውን እንኳ ሳያጠብቁ ይወጣሉ።

ስልኳን ታነሳለች። ሐኪሙ ዘንድ ትደውላለች፣ አንዷ ልጅ ናት የምታነሳው፣ የአዲስ አበባ ድምፅ፣ ሄሎ፣ አቤት የኔ ቆንጆ፣ ወለላ ነኝ ከደብረ ማርቆስ፣ እእ፣ አገኘሁሽ፣ ኮምባይን የምታደርጊዋ አይደለሽ፣ ሆድና ጡት ባንዴ፣ አዎ፣ ቀኔን ለሌላ ሰው ስጭልኝ። ውይ፣ ፈራሽ እንዴ፣ ብዙዎቹ መጨረሻ ላይ ይፈራሉ፣ ዶክተሩን ላገናኝሽ። አልፈራሁም። ሐሳብሽን ቀየርሽ። አልቀየርሁም፣ አልቀይርምም፣ ለሚመጣው ክረምት ያዥልኝ፣ አሁን የሚቀድመኝ ሰው አለ። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፣ ይገርማታል፣ እንባዋ ግን ይወርዳል፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ሙሉ ዓመት ከዚህ ሆድ ጋር፣ ባጃጁ፣ ኋላ ወንበሩ፣ ማኅበሩ ላይ ደግሞ እርጉዝ አይደለሁም ብሎ መናገር አለ፣ ልጁ የታለ ሳይሏት፣ ትናገራለች፣ ሞቷን ትሞታለች እንጂ ትናገራለች። ይታያልም ይነገረዋል፣ ይክፋው፣ ማታ ማታ ከሥራ መጥቶ ልጆቹን ያነሳል፣ አንቀልባ ወንድ አይገድልም።

በሩ ላይ ጥላ አለ። ድረስን ታቅፈው ቆመዋል፣ ሰምተዋል፣ ግማሹን ብቻ ነው የሰሙት፣ ፊታቸው ተለውጧል፣ ማን ነው የሚቀድምሽ ልጄ፣ ማን ታሞብን ነው፣ ይታያል ነው እንዴ፣ ደብቃችሁኝ ነው። ወለላ እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች፣ ሄዳ ልጁን ከእጃቸው ትቀበላለች፣ ከባድ ነው፣ ወገቧን ያማታል፣ ታነሳዋለች። እርስዎ ነዎት እማማ፣ ይቀመጡ፣ ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንሄዳለን።

እማማ አመተ ማርያም ዞር ብለው ከኋላቸው ያያሉ፣ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ።