የሰዓት ሠሪው ሴለሪ

እትዬ ሰው መናቅ የጀመሩት ዛሬ አይደለም፤ የታናሽ እህታቸውን ባል ግን ለብቻው፣ ጊዜ ሰጥተው ነበር የሚንቁት። ሰዓት ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ የሰው ሰዓት ሆድ ውስጥ ሲያጮልቅ ይውላል፤ ቤት ሲገባ ድምፁ ከግድግዳ ሰዓት አይበልጥም። “እህቴ ባል አገባች ብዬ ነበር፤ ለካ ትራስ ነው ያመጣችው” ይላሉ እትዬ፣ እሱ እየሰማ።

ይህ ትራስ ነው እንግዲህ ጓሮው ጥግ መደብ ቆፍሮ ሴለሪ የተከለው። ያውም ቅጠሉ የሚበላውን ሳይሆን፣ ሥሩ እንደ ኳስ የሚያብጠውን። ችግኙን አንድ በአንድ በሻይ ማንኪያ አዛወረው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሳይሄድ ያጠጣዋል፤ አጎንብሶም ያየዋል፣ እንደ ሰዓት የሚመታ ይመስል።

እትዬ ደግሞ ቦታውን ሲሚንቶ አስለብሰው ልብስ ማስጫ ሊያደርጉት ቆርጠዋል። አብረው የሚኖሩበት ግቢ ግን የአባት ውርስ ነው፤ ታላቅ ወንድማቸው ጋሼ ካልፈቀዱ አይሆንም። ጋሼም፣ “እሁድ ምሳ መጥቼ እቀምሰዋለሁ። የሚረባ ከሆነ መደቡ ይቆይለት፤ ካልሆነ አስለብሺው” ብለው ፈረዱ።

እትዬ ከመጀመሪያውም መቀሳቸውን ይዘው እየወረዱ ለሾርባቸው ቅጠሉን ይሸልቱ ነበር።

“እትዬ፣ ቅጠሉን ባይነኩብኝ... ሥሩ የሚወፍረው በሱ ነው” አላቸው አንድ ቀን፣ አንገቱን ደፍቶ።

“አንተ የምትፈልገው ሥሩን አይደል? እኔ የምወስደው ቅጠሉን። ምን አጣላን?”

“እሱስ ልክ ነዎት...”

ልክ ነዎት! እትዬ ደማቸው ፈላ። ወንድ ቢሆን መቀሱን ይቀማቸው ነበር። በማግስቱ እልህ ይዟቸው መሃል ያለውን ለጋውን ሳይቀር ላጩት።

እሁድ ጋሼ ጓሮ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። ሰዓት ሠሪው እጅጌውን ሰብስቦ አንዱን ነቀለ። መጠኑ የሎሚ፣ ጺሙ የሽማግሌ። ሁለተኛውም ያው፤ ሦስተኛውም ያው። ታናሽ እህት ጺሙን ቆርጣ ወፍራሙን ልጣጭ ስትገፈው እጇ ላይ የቀረው ለአንድ ሰው ጉርሻ አይሞላም። እንዳያሳፍር ከድንች ጋር ቀቅላ፣ በቅቤ አድቅቃ አቀረበችው።

ጋሼ ቀመሱ። “ሽታውስ ደስ ይላል። ግን ይሄ ድንች ነው፤ ሴለሪው በአጠገቡ አልፎ ነው የሄደው። ምን ነክቶት ነው ሳይወፍር የቀረው?”

እትዬ ተዘጋጅተዋል። ይክሰሰኝና አሳየዋለሁ ብለው መልሳቸውን ስለው ነው የተቀመጡት።

ሰዓት ሠሪው እትዬን አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። “ውሃ አሳጥቼው ይሆናል ጋሼ። የራሴ ጥፋት ነው።”

“በቃ እንግዲህ፣ ሲሚንቶሽን አስመጪ” አሉ ጋሼ።

ታናሽ እህት ዓይኗ እንባ ሲያቀርር እትዬ አዩ። ድሉ አልጣማቸውም። ይሄ ሰውዬ ሲበደል እንኳ እንደ ሰው አይበደልም!

“ውሸታም!” ብለው ማንኪያቸውን ወረወሩ። “ውሃማ ከኔ በላይ ጠጥቷል! ቅጠሉን ላጭቼ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ነግሮኛል፣ አልሰማሁትም። ምላስህን የት ጥለኸው ነው አንተ? ለሚስትህ ስትል እንኳ አንድ ቃል አይወጣህም?”

ጋሼ ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑት። “እንግዲያው ሲሚንቶው ቀርቷል፤ እንደገና ይተከላል። አንቺም ሾርባሽን ከገበያ በመጣ ቅጠል ሥሪ።”

ሰዓት ሠሪው የእትዬን ሳህን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

“ምን አልክ?” አሉት።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።”

“አልተሰማም! ጮክ በል!”