ሁለተኛው ጎማ

«እጅህን!» ብላ ጮኸች ሰምሃር።

ክሪኩ ተንሸራቶ ትራክተሩ ዱብ ሲል ባሏ ኪሮስ ወደ ኋላ ወደቀ። ሮጣ ደርሳ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ሁሉም ደህና ነበሩ።

«ተረፍኩ» አለ፣ ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ።

«ባለፈው ሳምንትም ተርፈሃል። በየሳምንቱ ልትተርፍ ነው?»

እውነቷን ነው። ሰንዳፋ አካባቢ የጋሽ ካሣሁንን ተዳፋት ማሳ ሲያርስ አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ተነስቶ፣ ትራክተሩ ከመገልበጥ የተረፈው ለጥቂት ነው። ጎሚስታው «የኋላ ጎማዎቹን ውሃ ሙላቸው፤ ከታች ይከብድና መሬት ይቆነጥጣል» ብሎ መሙያ ቱቦ አዋሰው። የቀረው ማሳ ነገ ይታረሳል ተብሏል። እነሱ በሚኖሩበት እሪ በከንቱ ሰፈር ደግሞ የቧንቧ ውሃ የመጣው ገና ዛሬ ነው።

ጎረቤታቸው እትዬ ከሪማ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። ሦስቱም ከጎን ከፈረሰው ቤት ሳንቃና ድንጋይ ለቃቀሙ። ሳንቃው ከክሪኩ ስር ተነጠፈ፤ ድንጋዮቹ ለሌሎቹ ጎማዎች ታኮ ሆኑ።

ኪሮስ የጎማውን አየር መሙያ አፍ ወደ ላይ አዙሮ፣ አየሩን አስተንፍሶ ቱቦውን ገጠመ። ውሃው እየተንደቀደቀ ገባ። አፉ ጋ ሲደርስ፣ የቀረውን ቦታ ለአየር ትቶ ዘጋው።

ሁለተኛው ጎማ ሳይጋመስ ቱቦው ፉጨት አሰምቶ ዝም አለ። ውሃ ሄደ።

«በርሜሌን ሞልቻለሁ፣ ውሰደው» አሉ እትዬ ከሪማ።

«እርስዎ ምን ሊጠጡ ነው? አይሆንም።»

አንዱ ጎማ ከባድ፣ ሌላው ቀላል። ቀስ ብሎ ቢነዳስ? ሰምሃርን አየት አደረጋት። እጁን መልሳ ያዘችው። በሌላኛው እጁ ስልኩን አወጣ።

«ጋሽ ካሣሁን፣ ነገ አልመጣም። የትራክተሩ ጎማ አልተስተካከለም።»

«ኧረ ተመስገን!» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ከስልኩ ለሁሉም እየተሰማ። «ያን ቀን ስትንገዳገድ ካየሁ ወዲህ፣ ‹ይህን ልጅ እንዴት ብዬ ነው እዚያ መልሼ የማወጣው› እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ተረጋግተህ ና፤ መሬቱ የትም አይሄድ!»

ሰምሃር ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እትዬ ከሪማ «አልሃምዱሊላህ» ብለው በርሜላቸውን ሊከድኑ ገቡ።

ኪሮስ የትራክተሩን ቁልፍ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ሁለተኛው እስኪሞላ አንቺ ጋ ይሁን። ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»