ከፓርጀተር ብርጭቆ ሥር ያለው ንጉሥ

ዴዝሞንድ ፓርጀተር የሚንቀው ሰው ባጣ ቀን ራሱን ያመው ነበር። ደግነቱ፣ ከእንግሊዟ ሉድሎ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የድሮ የከብት ገበያ አዳራሽ ውስጥ በየወሩ ጨረታ ይካሄዳል፤ እዚያ የሚናቅ ሰው ሞልቶ ይፈሳል። በዳቦ የተጠቀለለ የአሳማ ሥጋ እየገመጡ፣ ቅባቱ በአገጫቸው እየወረደ፣ አያቶቻቸው የጣሉትን ቁም ሣጥን መልሰው ሊገዙ የሚሰለፉ አሉ። ሰባራ ሰዓት ታቅፈው «ትንሽ ዘይት ብቻ ነው የጎደለው» የሚሉም አሉ። ከሁሉም በታች ግን፣ በፓርጀተር የንቀት ጉድጓድ ወለል ላይ፣ አሮጌ ሳንቲም የሚያጥቡ ሰዎች ይገኛሉ። ሳንቲም ማጠብ! ዘመን ቀስ ብሎ የቀባውን ጥቁረት፣ ከነዋጋው፣ በአንድ ከሰዓት ፈግፍጎ ማንሳት! ፓርጀተር ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኖ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የቅጣት ዓይነት ሲያመነጭ ኖሯል፤ ለዚህ ጥፋት የሚመጥን ግን አላገኘም።

ራሱ ፓርጀተር የሚሰበስበው የእንግሊዝ ነገሥታትን ሳንቲም ነው። አንድ ቁስል ነበረበት። የከተማው የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር በዓመት አንድ ማታ አባላቱ ያገኙትን በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ እያስቀመጡ «የዓመቱ ግኝት» የሚባል ክብር ይሰጣል፤ ፓርጀተር ደግሞ አንድም ጊዜ ደርሶት አያውቅም። ባለፈው ዓመት ሊቀመንበሯ ሮዛሊንድ ቼቨርተን የእሱን ሳንቲም በማጉያ መስታወቷ አየችና፣ «ደስ ይላል፤ ለጀማሪ» ብላ አለፈች። ፓርጀተር ሳንቲም መሰብሰብ የጀመረው ፀጉሩ ጥቁር በነበረበት ዘመን ነው።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጨረታው በፊት ዕቃ በሚታይበት ሰዓት፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ከፈተ። በውስጡ የካፖርት ቁልፍና የተበላ ፔኒ ታጭቋል። በጣቱ ቆስቆስ ሲያደርገው አንድ የጠቆረ ነገር ብቅ አለ። ፈረስ። በፈረሱ ላይ ንጉሥ። ከንጉሡ ጀርባ ላባ። ፓርጀተር ግራ ቀኙን ቃኘ። ቀዳማዊ ቻርልስ በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ከለንደን ወጥቶ ሽሩዝበሪ ላይ ለጥቂት ወራት፣ በላባ ምልክት፣ ያስመታው ግማሽ ክራውን የሚባል የብር ሳንቲም ነው! ሰው ዕድሜውን ሙሉ ፈልጎ የማያገኘው ነገር፣ ከቁልፍ ጋር ተኝቷል።

ቀስ ብሎ ከሥር ቀበረው፤ ክዳኑን መለሰ። ከዚያ የሰብሳቢዎችን ወግ አከበረ። ወጉ የታወቀ ነው፦ ልብህ የቆመበትን ዕቃ አታየውም፤ አጠገቡ ያለውን ነው አትኩረህ የምታየው። ከቆርቆሮው አጠገብ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አፉን የከፈተ፣ በገለባ የተሞላ ትልቅ አሳ ነበር። ፓርጀተር ማጉያውን አውጥቶ የአሳውን ጥርስ ሲመረምር ቆየ።

«ጥሩ ነገር ነው እንዴ የኔ ማር?» አለች ከኋላው ግዌንዳ ፕሮሰር። የታችኛው ሰፈር መጠጥ ቤት ባለቤት ናት፤ ሰውን ሁሉ የኔ ማር ትላለች።

«ግሩም ሥራ ነው ሚስስ ፕሮሰር» አለ ፓርጀተር፣ ምን ዓይነት አሳ እንደሆነ እንኳ ግድ ሳይሰጠው።

ወዲያው ሮዛሊንድ ቼቨርተን መጣችና እጇን ወደ ቆርቆሮው ሰደደች።

«እጅዎን አያቆሽሹ» አለ ፓርጀተር፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «ቁልፍና የተበላ ፔኒ ነው። ይህን ለጨረታ ያቀረበ ሰው ሊያፍር ይገባዋል።»

«እርስዎም አንዳንዴ ትክክል ይሆናሉ» አለች ሮዛሊንድ፤ እጇን መለሰች። በንቀት ረገድ የፓርጀተርን ቃል የሚጠራጠር አልነበረም።

ጨረታው ተጀመረ። የቆርቆሮው ተራ ደረሰ።

«ቆንጆ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ሙሉ ታሪክ! ማነው የሚጀምርልኝ?» አለ አጫራቹ።

አንድም እጅ አልተነሳም። ፓርጀተር ጣራውን አየ። ዋጋ ሳይወርድ ቀድሞ እጁን የሚያነሳ ሞኝ ነው ብሎ ያምናል።

«ኧረ ቀነስኩ! ኧረ የሻይ ዋጋ! እናንተ ሰዎች ሞታችኋል?»

የፓርጀተር ንቀት ከሚገባው በላይ ሠርቶ ነበር። አሁን፣ አለ በልቡ፣ አሁን ላነሳ ነው።

«እንግዲያው የፈለገ ከጠፋ ከአሳው ጋር ይሂድልኝ!» አለ አጫራቹ፤ ቆርቆሮው ከመስታወት ሣጥኑ ላይ ተጫነ። «አሳውና ቆርቆሮው ባንድ ላይ!»

የግዌንዳ እጅ እንደ ባንዲራ ወጣ። የፓርጀተርም ወጣ። እሷ ጨመረች፤ እሱ ጨመረ። የአሳውን ጥርስ በማጉያ ሲያይ ያየችው ሰው እንዲህ ከተፋለመበት፣ አሳው ከገመተችውም በላይ መሆን አለበት። እንደገና ጨመረች።

ሮዛሊንድ ከፊት ወንበር ዞር አለች።

«ሚስተር ፓርጀተር፣ አሳ መሰብሰብ ጀመሩ?»

«ለእህቴ ነው።»

«እህት እንዳለዎት አላውቅም ነበር።» ዓይኗ ከፓርጀተር ላብ ወደ ቆርቆሮው ሄደ፤ ከወንበሯ መነሳት ጀመረች።

አንዴ ብቻ እጁን ቢያነሳ ይበቃው ነበር። ሮዛሊንድ ግን ክዳኑን ትከፍታለች፤ ላባውን ታያለች፤ ገንዘብ ደግሞ ከእሱ ይልቅ እሷ ጋ አለ። እጁን ኪሱ ከተተ። «ይቅርብኝ፣ ዓይኑ ሸውራራ ነው» አለ። ሮዛሊንድ ተመልሳ ተቀመጠች። የአጫራቹ መዶሻ ለግዌንዳ ወረደ።

በር ላይ ደረሰባት። «ሚስስ ፕሮሰር፣ ያንን ቆሻሻ ልገላግልዎት?»

«ኧረ አንተ ደግሞ! ለባንኮኒዬ ነው። ሳንቲም ደርድሬ፣ እንደ መስታወት የሚደርቀውን ሙጫ አፈስበትና ያምርብኛል። ሰኞ ና፣ አንድ ብርጭቆ በኔ።»

ሰኞ ገና በሩ ሲከፈት ደረሰ። ግዌንዳ በሳፋ ላይ ጎንበስ ብላለች። ሳንቲሞቹን ቋሊማ ላይ በሚደረገው ቡናማ ስጎ ዘፍዝፋ በድስት ሽቦ ትፈገፍጋለች። ፓርጀተር የበሩን እጀታ ያዘ። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ሮዛሊንድ ቼቨርተን ወይን ይዛ ተቀምጣለች፤ የማኅበሩን ማታ እዚህ ለማድረግ ቦታ ልትይዝ መጥታ ነው።

«ና እስቲ የኔ ማር፣ አንተ አዋቂ ነህ» አለች ግዌንዳ። «ይሄ ጥቁሩ አለቅም አለኝ። ልጣለው ወይስ ልሸው?»

በጣቶቿ መሃል ንጉሡ ነበር፤ ግማሽ ፊቱ ገና ጥቁር። ፓርጀተር አንድ ቃል ብቻ ቢናገር ንጉሡ ይድናል። ከዳነ ግን የግዌንዳ ነው። በማግስቱ ሮዛሊንድ ትገዛዋለች፤ በአረንጓዴው ጨርቅ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ፓርጀተርም ቆሞ ያጨበጭባል። አይቶ ያጣው እሱ መሆኑንም አገር ይሰማል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሮዛሊንድ ከወንበሯ።

«የተበላ ፔኒ» አለ ፓርጀተር። ቀጥሎም ወደ ግዌንዳ፦ «አይጣሉት። በርትተው ይሹት።»

ግዌንዳ በረታች። ሽቦው ንጉሡ ላይ ሲንጫጫ ፓርጀተር ቆሞ ሰማ። ላባው ግማሹ ሄደ። የቀረው ሳንቲም እንደ አዲስ ማንኪያ እያበራ ከሌሎቹ ጋር ባንኮኒው ላይ ተደረደረ፤ ሙጫው ፈሰሰበት።

የማኅበሩ ማታ ሲደርስ ፓርጀተር ከሁሉም ቀድሞ መጣ፤ ባንኮኒው ጥግ ቆሞ የጥቁር ቢራ ብርጭቆውን በካርቶን ማስቀመጫ ላይ፣ ካርቶኑን በንጉሡ ላይ አስቀመጠ። የዓመቱ ግኝት ለሮዛሊንድ ሆነ፤ ያቀረበችው የማይረባ ሺልንግ ነበር። ፓርጀተር በአንድ እጁ ጭኑን እየመታ አጨበጨበ።

«ባንኮኒው እንዴት ያምራል!» አለች ሮዛሊንድ፣ ማጉያዋን እንደያዘች ከሳንቲም ሳንቲም እያለፈች። «ብርጭቆዎን ያንሱልኝ እስቲ።»

«እየጠጣሁ ነው።»

«ሲጠጡ እኮ አላይም።»

«ቀስ ብዬ ነው የምጠጣው።»

ትከሻዋን ነቅንቃ አለፈች። ግዌንዳ ባዶ ብርጭቆ ካየች ወዲያው ታነሳለች፤ ካርቶኑንም አብራ ጠራርጋ ትወስዳለች። ስለዚህ ፓርጀተር ከብርጭቆው ግርጌ የቀረችውን አንዲት ጉንጭ፣ የሞቀችና አረፋዋ የሞተ ቢራ፣ እስከ መዝጊያ ሰዓት ቆሞ ጠበቃት። በማግስቱም ተመልሶ መጣ።