አንዲት በቅሎ የረገጠችው ቤተሰብ

«በቤተሰባችሁ እንዲህ የሚራመድ ሌላ ሰው አለ?»

ሐኪሙ ይህን ሲጠይቀኝ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ሳልደገፍ አንድ ቦታ ቀጥ ብዬ መቆም አልችልም። ልጄ ሮበሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል። ሐኪሙ በትንሽ መዶሻ ጉልበቱን ቢመታው ቢመታው እግሩ ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልኩም፤ ምክንያቱም የቀበሌያችን የምልመላ ኮሚቴ አባል ጓድ ወጋየሁ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«እናት፣ እርስዎን ነው የምጠይቀው» አለ ሐኪሙ።

«የለም» አልኩ።

ይህ የሆነው በ1976 ዓ.ም.፣ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በተጀመረ ጊዜ ነው። እኛ የምንኖረው ሀና ማርያም ነው። አባቴ እስከ ሞተ ድረስ ሲያነክስ ኖረ፤ ምክንያቱን ለጠየቀው ሁሉ በቅሎ ረግጣኝ ነው ይል ነበር። ወንድሜ በንቲ ጉድጓድ ሲቆፍር አፈር ተንዶበት ነው ይላል። እኔ ከሾላ ዛፍ ወድቄ ነው እላለሁ፤ ሾላ ላይ ግን ወጥቼ አላውቅም። ለልጄ እግር ደግሞ ኳስን ምክንያት ሰጠሁት። የማይጫወተውን ኳስ።

እንዲህ የምናደርገው ወደን አይደለም። እኛ ዘንድ ልጅ ለትዳር ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመረመረው ዘር ነው። «እነሱ ቤት የእግር ነገር አለ» ከተባለ ሽማግሌ ደጃፍህን አይረግጥም። በቅሎ ከረገጠችህ ግን ጥፋቱ የበቅሎዋ ነው፤ ለልጅ አይተላለፍም።

የሮበሌ እግር ስምንት ዓመቱ ላይ ጀመረ። ጫማው ሁሉ ከጣቱ በኩል ያልቅ ነበር። ሲራመድ የእግሩ ጫፍ ወደ ታች ተንጠልጥሎ መሬቱን ጧ ያደርገዋል። እኔ ይህን ድምፅ ከራሴ እግር አውቀዋለሁ። ስለዚህ ከጓሮ እስከ አጥር እያመላለስኩ አስተማርኩት። «ጉልበትህን አንሳ፤ ከፍ፤ አሁንም ከፍ» እያልኩ እኔም ከፊቱ እየሄድኩ አሳየው ነበር። ከአጥሩ ውጭ ያየን ሰው ረግረግ የሚሻገሩ ሁለት ሽመላዎች ሳንመስለው አልቀረንም።

ትምህርቴ ከሚገባው በላይ ሠራ። ለአብዮት በዓል የቀበሌው ወጣቶች ሰልፍ ሲለማመዱ ጓድ ወጋየሁ ሮበሌን ከመካከል አውጥቶ ፊት አሰለፈው። «ጉልበት ማለት ይህ ነው» አላቸው። «እናንተ መሬት ትዳብሳላችሁ። እሱን እዩ።» እኔ ዳር ቆሜ በኩራት ላብድ ነበር። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል፤ እጄም እንደ እግሬ ስለደከመ ብዙ የሚያመኝ አይመስለኝም።

የዘማቾች ስም ዝርዝር ሲወጣ ሮበሌ አንደኛ ነበር። መሠረተ ትምህርት ከጀመርኩ ገና ጥቂት ጊዜ ስለነበር ሰሌዳው ላይ ያነበብኩት ያንኑ ብቻ ነው፤ ስሙን ለይቼ በማንበቤም ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር።

አብራኝ የምትማረው ባለ ሱቋ ሙፊዳ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሞልቱዬ፣ ሂጂና ንገሪያቸው። ግንባር ላይ የእግሩ ጫፍ ድንጋይ ሲነካው ይወድቃል።»

«ምኑን ልንገራቸው?»

«እሱንስ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ከሩቅ መምጣትሽን የማውቀው በአካሄድሽ ነው።»

ችግሩ የምነግረው ለማን እንደሆነ ነው። የጓድ ወጋየሁ ልጅ ዳኜ ሴት ልጄን ኤሌኒን ሊያገባ ይፈልጋል፤ ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ሊመጡ ነው። ይህ ሰው እቤቴ ሲመጣ አቶ ወጋየሁ፣ ቀበሌ ስሄድ ጓድ ወጋየሁ ነው። ሄጄ ልጄ እግሩን ያመዋል አልኩት።

«የቀበሌውን ምርጥ ሰልፈኛ?»

«ኳስ ሲጫወት ተጎድቶ ነው።»

«እንግዲያው ሐኪም ይየው። እኔም አብሬ እመጣለሁ። ከዝርዝሩ ሰው የሚወጣው ኮሚቴው እያየ ነው።»

እንዲህ ሆነን ነው እዚያ ክፍል የተገኘነው።

ሐኪሙ መዶሻውን አስቀመጠ። «ኳስ ሁለት እግር እኩል አያቀጥንም። ከስብራት የመጣ ከሆነ ሥልጠና ይችላል ብዬ እጽፋለሁ። በዘር የመጣ የነርቭ በሽታ ከሆነ ግን አይሄድም። ለዚህ ነው የምጠይቅዎት። አባትዎ እንዴት ነበር የሚራመዱት?»

«በቅሎ ረግጣው ነበር።»

«ወንድም አለዎት?»

«አለኝ። እሱም ያነክሳል፤ ግን አፈር ተንዶበት ነው።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አንስቶ ተወው። «እርስዎስ?»

«ከሾላ ወድቄ።»

ጓድ ወጋየሁ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ሮበሌ በዚህ ጊዜ ተነሣ። «እማዬ ተይው። ሰልፍ እችላለሁ» አለና በባዶ እግሩ ወደ መስኮቱ ተራመደ። ያስተማርኩትን ሁሉ አደረገ። ጉልበቱን አነሣ፣ ከፍ፣ አሁንም ከፍ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ የእግሩ ጫፍ የወንበሩን እግር ነካና ወደቀ። ሲወድቅ ድምፅ አላሰማም፤ ይህንንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

መሬት ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩና የሸራ ጫማዬን ክር መፍታት ጀመርኩ። ክፍት ጫማ ከእግሬ ስለሚወልቅ ጥብቅ አድርጌ ነው የማስረው፤ ማሰሩ ግማሽ ሰዓት፣ መፍታቱ ደግሞ እግዚአብሔር ይወቀው። ጣቶቼ ቋጠሮውን ሳቱት። ሮበሌ ሊረዳኝ ሞከረ፤ የእሱም ሳቱት። አራት እጅ ሆነን አንድ ክር አቃተን። በመጨረሻ ጓድ ወጋየሁ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከና ፈታልኝ።

እግሬን ዘረጋሁ። ከመሃል እንደ ድልድይ የተቀለሰ፣ ጣቶቹ የተኮራመቱ፣ ከልጄ እግር ጎን።

«አባቴም እንዲህ ነበር» አልኩ። «ወንድሜም እንዲሁ ነው።»

«በቅሎዋስ?» አለ ሐኪሙ።

«በቅሎ አልነበረንም። አህያ ነበረችን፤ እሷም ማንንም አትረግጥም ነበር።»

ሐኪሙ ጻፈ፣ ማኅተም መታ፣ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያው የመንግሥት ወረቀት እሱ ነው። ፊደል በፊደል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «በዘር የሚተላለፍ» የሚለውን ልጄን ለልጁ ሊጠይቅ ባሰበው ሰው ፊት አነበብኩት። ሁለት ጊዜ፤ የመጀመሪያው ስለተሳሳተብኝ።

ሦስታችንም አብረን ተመለስን። ጓድ ወጋየሁ በእኛ እርምጃ ልክ እየሄደ፣ ጭቃው ሲብስ ሮበሌን በክንዱ ይይዘው ነበር። ከቤታችን በር ስንደርስ ቆመ።

«ወይዘሮ ሞልቱ፣ ሽማግሌዎቹን ትንሽ ብናቆያቸው ምን ይመስልዎታል?»

«እርስዎ እንዳሉ» አልኩት።

ኤሌኒ በሩ ላይ ሆና ሰምታለች።

«ሮቤ ቀረ?» አለችኝ።

«ቀረ።»

«እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል?» ብላ ጫማዬን ልታወልቅልኝ ጎንበስ አለች።

ለጓድ ወጋየሁ ግን ነገሩ እዚያ አልቆመለትም። የቀበሌው የዘማች ኮታ መሙላት ነበረበት። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሰው ተነሥቶ «በልጁ ሊዛመዳቸው ስላሰበ የእነሱን ልጅ ሰረዘ» አለ። እሱም ከእኔ የተቀበለውን ወረቀት አሳየ፤ አላመኑትም። እኔም ተነሥቼ እግሬን ላሳይ አልኩ። ሳቁብኝ። «ይህችማ ከሾላ የወደቀችው ናት» አለ አንዱ። ለሃያ ዓመት ያወራሁትን አምነውኝ ኖረዋል ማለት ነው፤ ካልጠፋ ጊዜ። ጓድ ወጋየሁ እስክሪብቶ አወጣ። በሮበሌ ቦታ የራሱን ልጅ ስም ጻፈ።

ዘማቾቹን የሚወስደው መኪና ሐሙስ ጠዋት መጣ። ሮበሌ ቀረ። ኤሌኒም ሳትዳር ቀረች። ዳኜ ሄደ።