ለከሰል ሻጩ የተነሣሁ ዕለት

አያቴ ግራዝማች ስብሐት ታላቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የተገኘ ልጅ ምሳውን እንዳይበላ ይፈርዱ ነበር። ሴት አያቴ ወይዘሮ ወለተማርያም ነጠላን ከትከሻ አውርዶ ወገብ ላይ ማደግደግን ገና መራመድ ስንጀምር አስተማሩን። መምህሬ መሪጌታ ብርሃኔም «ሰውነትህ ከሐሳብህ ቀድሞ ይነሣ፤ አስበህ የምትነሣ ከሆነ አልተማርክም» ይሉኝ ነበር። እኛ የጉለሌ ልጆች በእነዚህ ሰዎች መስፈሪያ ተሰፍረን አደግን። ስለ እነርሱ ስናገር እኮራለሁ፤ አሁን የምጽፈው ግን ኀዘን ነው።

በጠላት ዘመን እኔና ጓደኛዬ ቶለሳ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጆች ሳለን ለፊታውራሪ ዱጉማ አርበኞች መልእክት እናመላልስ ነበር። ይህንኑ ካረጀሁ በኋላ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፍሁት። ስለሺ የሚባል ወጣት የፊልም አዘጋጅ መጽሐፏን ወደ ፊልም ለመለወጥ ፈቃድ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ዛፉ መካከል ቀረጻው በተጀመረ በሳምንቱ የቶለሳ ታናሽ እኅት ሾዴ ከሸጎሌ ድረስ በእግሯ መጥታ ደጄ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባችም።

«ጋሼ መዝገቡ፣ በፊልሙ ወንድሜን ባንዳ አድርገውታል አሉኝ። ፊታውራሪ ዱጉማን ለጣሊያን ሲጠቁም ያሳያል አሉ።»

«እኔ እንዲህ አልጻፍሁም።»

«አልጻፉም። ማን እንደ ጠቆመ ግን እርሱንም አልጻፉም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ከዚህ ሰፈር ለለቅሶ እንኳን የሚጠራት አልነበረም። አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቼ በሲኒማ ቤት ሊያዩት ነው። እርስዎ እዚያው ነበሩ። ወንድሜ ሰውየውን ሸጧል?»

«ነገ ከእኔ ጋር ነዪ» አልኋት።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ቀረጻው ቦታ ደረስን። በእንጨትና በሽቦ የተሠራ ኬላ ቆሟል፤ የጣሊያን ወታደር ልብስ የለበሱ ወጣቶች ጥላ ሥር ሻይ ይጠጣሉ።

«አባባ፣ በጥሩ ሰዓት መጡ» አለ ስለሺ። «ፊታውራሪው የሚያዙበትን ልንቀርጽ ነው።»

«ቶለሳን ባንዳ ያደረግኸው በማን ምስክርነት ነው?»

ስለሺ ፈገግ አለ። «መጽሐፍዎ እዚህ ላይ ክፍተት አለው። ፊታውራሪው ከሰል ሻጭ መስለው ኬላው ጋ ይመጣሉ፤ በቃ፣ ይያዛሉ። እንዴት ተያዙ? ተመልካች እኮ ይጠይቃል። ሰፈሩን ሳጠያይቅ፣ ያኔ ተይዞ በሦስተኛው ቀን የተለቀቀ ቶለሳ የሚባል ልጅ ነበር አሉኝ። ጣሊያን ማንን በነፃ ይለቃል?»

«የሰፈር ወሬ ነው።»

«እ... ማለቴ፣ ወሬም ቢሆን ታሪኩን ያሟላል። ደግሞ ባንዳ የሌለበት የአርበኛ ፊልም ወጥ የሌለው እንጀራ ነው።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሾዴ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ክፍተቱን የተውሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ይህችም ከሸጎሌ የመጣች እኅቱ ናት፤ ተቀመጥና ስማ።»

የነገርኋቸውም ይህ ነው።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ነበር፤ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል። ወደ ከተማ የሚገባ ሁሉ ጉለሌ ኬላ ላይ መሬት ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ጣሊያናዊ ይፈትሻል፤ አንድ ባንዳ ያስተረጉምለታል። ፊታውራሪ ዱጉማ ከሰል ሻጭ መስለው እንዲያልፉ፣ እኔና ቶለሳም ኬላው ላይ ጠብቀን ወደ መሸሸጊያው ቤት እንድንመራቸው ታዘዝን። «አታውቁኝም፤ ቀና ብላችሁም አትዩኝ» ብለው ልከውብን ነበር።

ዳገቱን ወርደው መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ጀርባቸው በከሰል ጆንያ ጎብጧል። አባቴ ቤት ሲመጡ ስንት ጊዜ እጃቸውን አስታጥቤአለሁ። አጠገቤ ሲደርሱ ሰውነቴ ተነሣ። ነጠላዬን አደግድጌ፣ አንገቴን ሰብሬ ቆሜ ስገኝ ነው የነቃሁት።

ፊታውራሪ አልዞሩም። ቶለሳ ልብሴን ጎተተኝና ጮክ ብሎ ሳቀ። «ጉንዳን ገብቶበት ነው፤ ይህ ሞኝ መቀመጫ አይመርጥም።»

የተቀመጡትም ሳቁ። ጣሊያኑ ምንም አልገባውም። ባንዳው ግን የእኛው ሰው ነው፤ እርሱንም እንደ አያቴ ያለ ሰው ሳያሳድገው አልቀረም።

«ጉንዳን ነጠላ ማደግደግ መቼ አስተማረ?» አለ። ቀስ ብሎ ወደ ከሰል ሻጩ ሄደ። «ጌታዬ፣ ጆንያው ይከብድዎታል፤ ያውርዱት።»

ጣሊያኑ ፊታውራሪን ሲያስር ባንዳው ወደ እኛ ተመለሰ። ቶለሳ ቀደመኝ። «ሰውየውን የማውቀው እኔ ነኝ። ይህን ተነሥ ያልሁትም እኔ ነኝ። ያሉትን የሚያደርግ የቄስ ተማሪ ነው፤ ለአህያ ተነሥ ቢሉትም ይነሣል።»

ባንዳው እኔን በእርግጫ አባረረኝ። ቶለሳን ወሰዱት።

ፊታውራሪ በማግሥቱ ተሰቀሉ። ቶለሳን በሦስተኛው ቀን ለቀቁት፤ የለቀቁት እንደማይተርፍ አይተው ነው። ጎኑ ተሰብሮ ደም ይተፋ ነበር። ሰፈሩ ግን መለቀቁን እንጂ መሰበሩን አላየም። አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ ጠየቅሁት። ከመደቡ አጠገብ ቆምሁ።

«ኧረ ተቀመጥ» አለኝ፤ «እኔ እንኳን ፊታውራሪ አይደለሁም።» ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው።

በወሩ ሲቀበር ከእናቱና ከሾዴ፣ ከሁለት ቄሶችም በቀር ማንም አልነበረም። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁ። ብገባ ለምን መጣህ የሚለኝ አላጣም፤ መልሱም በአደባባይ የምናገረው አልነበረም። መጽሐፌንም ስጽፍ «ተያዙ» ብዬ አለፍሁት።

ይህን ሁሉ ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በዚህ አልኮራም።

ሾዴ ቀና አለች።

«ሃምሳ ዓመት፣ ጋሼ?»

ወደ እኔ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እናቴ የልጄ ጓደኛ ነው ብላ በየመስቀሉ ድፎ ዳቦ ትልክልዎ ነበር። ተሸክሜ የማመጣው እኔ ነበርሁ። ይበሉት ነበር?»

«እበላው ነበር» አልኋት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ለመሄድም ነጠላዋን አጣፋች። ስለሺ የፊልሙን ጽሑፍ እንደ ያዘ መንገዷ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ እዚሁ ሸጎሌ እያሉ አንድ ቀን መጥቼ አልጠየቅሁዎትም» አላት። «የሞተ ሰው አይከሰኝም ብዬ ነው የጻፍሁት። ተሳስቻለሁ።»