የተያዘ ትንፋሽ

«ትእዛዙ! አጥፋው! ሞተሩን አጥፋው እንጂ!»

ትእዛዙ የሴቶቹን ጩኸት ሰምቶ ዘወር ሲል ወፍጮ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ማሽላ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው እየተገፋፉ ወደ በሩ ይሮጣሉ። ወፍጮውን የሚያዞረው የሞተሩ የጎማ ቺንጋ እየተንሸራተተ ከስሏል፤ ከሥሩ እሳት ብልጭ አለ። ትእዛዙ ዘሎ ሞተሩን አጠፋና ጆንያ በውሃ ነክሮ ጣለበት።

የወፍጮው ባለቤት ጋሼ እንግዳው ከመንገድ ማዶ እየሮጡ መጡ።

«እኔ እዚያ ማዶ ሆኜ የሚቃጠለው ጎማ ሸተተኝ። አንተ ሥሩ ቆመህ አልሸተተህም?»

«አልሸተተኝም፣ ጋሼ። አፍንጫዬ ከተደፈነ ከረመ።»

ሽማግሌው የጠቆረውን ቺንጋ፣ ከዚያም በር ላይ የተኮለኮሉትን ሴቶች አዩ። ክፉ ሰው አልነበሩም።

«ዛሬስ አምላክ አተረፈን። ነገ አንዷ ብትቃጠልብኝ ለልጆቿ ምን እላለሁ? ሂድና ታከም። ሲሻልህ ትመለሳለህ።»

ትእዛዙ ዱቄቱን ከልብሱ ሳያራግፍ የሰቆጣን ዳገት ተያያዘው። ግንባሩ ድንጋይ የተጫነበት ያህል ከብዶታል፤ ጎንበስ ሲል ከዓይኖቹ ሥር ይወጋዋል። ከሳዑዲ ተመልሶ ወፍጮ ቤት ከገባ ወዲህ በዱቄቱ ብናኝ አፍንጫው እየጠበበ መጥቶ፣ አሁን ጭራሽ ተዘግቷል። የሚተነፍሰው በአፉ ነው። ያስፈራው ግን ሥራውን ማጣቱ ብቻ አልነበረም። «አፌም ቢዘጋስ?» የምትል ሐሳብ በመጣችበት ቁጥር እጅ እግሩ ይቀዘቅዛል።

በጤና ጣቢያው የተቀበለችው ሲስተር እናትነሽ ግንባሩንና ጉንጩን ጫን ጫን እያደረገች አየችው።

«ሳይነስ ነው። ዱቄቱ አባብሶብሃል።»

«መርፌ የለውም?»

«ትኩሳት የለህም፤ ለጊዜው መርፌ አያስፈልግህም። ስትሠራ አፍና አፍንጫህን ሸፍን። ደግሞ አንድ የአተነፋፈስ ልምምድ ላሳይህ። ሙሉ በሙሉ አያድንም፤ ግን ለብዙ ሰው ቀለል ያደርጋል።»

ቀጥ ብላ ተቀመጠች። በአፍንጫዋ ቀስ ብላ አየር አስወጣች፤ አፏን ገጠመች፤ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ያዘች፤ ራሷን ወደ ላይ ወደ ታች ነቅነቅ አደረገች። ከዚያ ለቀቀችና በአፍንጫዋ በዝግታ ሳበች።

«በል፣ አንተ።»

ትእዛዙ አፉን ገጥሞ አፍንጫውን ያዘ። ወዲያው ክፍሉ ጠፋበት። ጨለማ፣ ወበቅ፣ የበሰበሰ ሽንኩርት፣ ፊቱ ላይ የተለጠፈ ላብ ያዘለ እጅ። ጮኾ ሲነሳ ወንበሩ ተገለበጠ። ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሮጠ በሬ አለከለከ።

ሲስተር እናትነሽ ወንበሩን አነሳች፤ አልተቆጣችም።

«አትታገለው፣ ወንድሜ። አየር ሲያጥርህ ወዲያው ልቀቀው። ብቻህን ከከበደህ የምታምነው ሰው አጠገብህ ይሁን። ዓይንህ ካበጠ ወይም ካተኮሰህ ግን ዛሬ ነገ ሳትል ና።»

ሚስቱ ሠርካለም የተከራዩት ቤት ደጃፍ ላይ በርበሬ ትቀነጥሳለች። መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ቀና ብላ አየችው፤ የበርበሬው ሽታ እሷን እንኳ ያስነጥሳት ነበር፤ እሱ ግን ምንም አልመሰለውም።

«እንዲህ ብሶብሃል እንዴ?»

ስለ ቺንጋው፣ ስለ ጋሼ እንግዳው፣ ስለ ሲስተሯ ነገራት። «እስቲ አሳየኝ» አለችው። ሞከረ፤ ጣቱ አፍንጫውን ሳይነካ እጁን መለሰው።

«አልችልም፣ ሠርኬ። የምሞት ይመስለኛል።»

«ምንድን ነው ያገኘህ? ከመጣህ ጀምሮ ብርድ ልብስ እንኳ ፊትህ ላይ ሲያርፍ ትበረግጋለህ። ጠይቄህ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ንገረኝ።»

ትእዛዙ ሁለቱም በዋግ ዝቋላ ሲያድጉ በተናገሩት ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ነገራት። ወደ ሳዑዲ ሲሄድ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ደላላው በጭነት መኪና ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር አስተኝቶ ሸራ ደረበባቸው። ኬላ ላይ መኪናው ቆመ። የወታደሮቹ ጫማ ኮቴ በሸራው ማዶ ሲዞር ይሰማል። ያኔ ሳል መጣበት። አጠገቡ የተኛው ሰው አፍና አፍንጫውን አንድ ላይ ጨምድዶ ያዘው።

«ቧጠጥሁት፣ ነከስሁት፤ አልለቀቀኝም። ‹ካሳልክ ሁላችንም አለቅን› ይለኛል በጆሮዬ። በኋላ መታገሉንም ተውሁት። መኪናው ሲነሳ ለቀቀኝና ግንባሬን እየሳመ አለቀሰ። ስሙን እንኳ አላውቀውም። አልጠላውም። እኔም ብሆን እንደሱ አደርግ ነበር። ግን እጁ እስካሁን ፊቴ ላይ ነው።»

ሠርካለም ተነስታ በርበሬ የነካ እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበችና ፊት ለፊቱ በርከክ አለች። የሱን እጅ ወስዳ የራሷን አፍንጫ አስያዘችው።

«ጉልበትህን ስነካህ ልቀቀኝ።»

አፏን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች። ፊቷ ሲቀላ ትእዛዙ ልቡ ትደልቅ ጀመር። ገና ጉልበቱን ስትነካው እጁን እሳት እንደነካው ሰው መነጨቀ።

«አየህ? ነካሁህ፤ ለቀቅኸኝ» አለች እየሳቀች።

ፊቷን አየ። ከዚያ የታጠበ እጇን አየ፤ ገና እርጥብ ነው። መሸሽ አማረው፤ አልሸሸም።

«አንቺ ያዥልኝ» አላት።

አፉን ገጠመ። ጣቶቿ አፍንጫው ላይ ሲያርፉ መላ ሰውነቱ ተኮማተረ፤ ጨለማው መጣ፤ ኮቴው ተሰማው። ጉልበቷን በጥፊ ያህል መታት። ለቀቀችው። ያኔውኑ፣ እጁ ገና ከጉልበቷ ሳይነሳ፣ ለቀቀችው።

በአፉ ሊተነፍስ ነበር፤ ታገሰ። በቀኝ አፍንጫው በኩል እንደ ክር የቀጠነ አየር ገባ። ወዲያው ተመልሶ ተደፈነ። ሠርካለም እንባው ሲወርድ አይታ እጇን ወደ ኋላዋ ሸሸገች።

«ይበቃናል፤ ነገ እንሞክራለን።»

ትእዛዙ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ድገሚልኝ» አላት።